ገለታን ያስቀረሁበት የደንዲ ጉዞ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስንቱን ዘክዝኬያለሁ፤ ጾም መሻሬን፣ ወንድሜን መስደቤን፣ ፈተና ሳርም ማዳላቴን ሳይቀር። እዚህ ላይ ስደርስ ግን «ይሄ ደግሞ ኃጢአት ነው?» እያልኩ እዘለዋለሁ። ኃጢአት ካልሆነ ለምን እዘለዋለሁ? አንተ የምታነበው ሰው ፍረድ፤ እኔ አስቀድሜ ፈርጃለሁ።

ገለታ ይባላል። አምቦ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ባዮሎጂ እናስተምር ነበር። ግራ እግሩ በልጅነቱ በፖሊዮ ሰልሎ በከዘራ ነው የሚሄደው። ከወንጪ አፋፍ ተነስቶ የተራራውን ጀርባ ይዞ እስከ ደንዲ ሐይቅ በእግር የመሄድን ሐሳብ ያመጣው ግን እሱ ነው። ሁለት ቀን የሚፈጅ፣ መኪና የማይደርስበት፣ ስልክ የማይሠራበት መንገድ ነበር። ሁለት ደህና እግር ያለን አራት መምህራን ደንዲን ከሩቅ እንኳ አይተን አናውቅም።

እቅዱን እንዴት እንዳወጣው ልንገርህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወርድና ከተራራው ገብስና ድንች ጭነው የመጡትን ሰዎች በኦሮምኛ እያጫወተ መንገዱን ይጠይቃቸዋል። ምንጩ የት ነው፣ በበጋ ይደርቃል ወይ፣ የማን ውሻ ይናከሳል፣ ጉም ሲወርድ በየትኛው የኮሶ ዛፍ በኩል መታጠፍ ይሻላል። የነገሩትን ሁሉ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ይሥላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገ። አንድ ቀን እንኳ ያልረገጠውን ተራራ እኔ የተወለድኩበትን ሰፈር ከማውቀው በላይ አወቀው።

ጥቅምት ላይ ቀን ቆረጥን። ቀኑ ሲቃረብ ሦስቱ መምህራን ጆሮዬ ላይ ማጉረምረም ጀመሩ። በዚያ እግሩ እንዴት ይወጣል? ቢወድቅ ማን ይሸከመዋል? መልሱ ቀላል ነበር፤ ሄዶ እሱኑ መጠየቅ። አልጠየቅኩትም። የልብ ጓደኛው እኔ ስለሆንኩ «ለእኔ ተዉት» አልኩ። ለእሱ አስቤ ነው እያልኩም ራሴን አጽናናሁ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የፈራሁት ለእሱ አልነበረም፣ እንዳያዘገየኝ ነው።

ደብተሩን «ልገልብጠው» ብዬ ቀድሜ ወስጄበት ነበር። ዓርብ ወደ ማታ ቤቱ ሄጄ፣ ጸጥታው አስጊ ነው ተብሎ ስለተከለከልን ጉዞው ቀርቷል አልኩት። በዚያ ዘመን መንገድ መዘጋቱ የተለመደ ስለነበር ማንም አይጠራጠርም። ስንት እናት ያለቀሰችበትን ጊዜ የውሸቴ ሽፋን አደረግሁት። «ሰው ከሚጎዳ ይቅር» አለኝ። ቀጥሎም ተራራው ላይ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ፣ በምን እንደሚያሳውቀው ጨንቆት ጠየቀኝ። እኔ መልእክት እልካለሁ አልኩት። አመሰገነኝ።

በማግስቱ ሄድን። ደብተሩ አንድም ቦታ አልሳተም። ምንጩ በተባለበት አለ፣ ኮሶው በተባለበት ቆሟል፣ ውሻው እንኳ ከተባለው ግቢ ወጥቶ ጮኸብን። ከቀትር በኋላ አፋፉ ላይ አንድ ሽማግሌ የተጫነ ፈረስ ይዘው ቆመው አገኘን። ኦቦ ደበሌ ይባላሉ። ሰላም እያሉን ዓይናቸው ከኋላችን መንገዱን ይፈልጋል።

«ገለታን ኤሳ ጂራ? ገለታ የት ቀረ?» አሉኝ።

ፈረሱ የገለታ ነበር። ገበያ ሲገናኙ ለወራት ተነጋግረውበታል። ረጋ ያለ ፈረስ መርጠው፣ የግራውን እርካብ ለእግሩ እንዲመቸው አሳጥረውለታል። እኛን ሊያስገርመን ስለፈለገ ደብቆን ኖሯል። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ግን «ደክሞኛል ብሎ ቀረ» አልኳቸው። ሽማግሌው የኮርቻውን ጠፍር አላልተው ፈረሱን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ደንዲን አየሁት። ሁለት ሆኖ የተጣመረውን ሐይቅ ከላይ ሆኜ አየሁ፤ ደስም አለኝ። ይህን ብደብቅ ኑዛዜዬ ግማሽ ይሆናል። ሰኞ ዕለት ገለታ የተላጠ ፊቴን አይቶ ፀሐይ የት እንደመታኝ ሲጠይቀኝ፣ ጌዶ አማቶቼ ዘንድ አጨዳ ሳግዝ ነው አልኩት። ሦስቱንም አፋቸውን አስይዣቸው ነበር።

ኦቦ ደበሌን ገበያ ላይ ያገኛቸዋል ብዬ ሰጋሁ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ምንም አላለኝም። ተርፌያለሁ ብዬ ተዝናናሁ። ከዚያ ወዲህ ጥቅምት በገባ ቁጥር ሻይ እየጠጣን ዓይን ዓይኔን እያየ «ዘንድሮስ ይፈቀድ ይሆን?» ይለኛል። እኔም «ገና ነው» እላለሁ። አምስት ዓመት ጠየቀኝ፣ አምስት ዓመት ዋሸሁት። በልቤም የዋህነቱን እያየሁ አዝንለት ነበር።

በኋላ የወንጪ መንገድ ተሠርቶ ሰው ሁሉ በመኪና ይጎርፍ ጀመር። ያኔ ገለታ ኩላሊቱን ታሞ ከአልጋ አይወርድም ነበር። ደንዲን ሳያይ ባለፈው ዓመት አረፈ። ባለቤቱ የቅርብ ጓደኛው ስለሆንኩ በቀብሩ ላይ እንድናገር ለመነችኝ። ተናገርኩ። በእኔና በገለታ መካከል ምስጢር አልነበረም አልኩ። ሕዝቡ አለቀሰ።

ድንኳን ውስጥ ኦቦ ደበሌ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አርጅተዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«የዚያን ጊዜ በሳምንቱ ገበያ መጥቶ በከንቱ አደከምኩዎት ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እንዴ፣ ጓደኞችህ መጥተው ደክሞት ቀረ አሉኝ እኮ አልኩት። ከዚያ ‹ማወቄን እንዳይነግሩት፣ አንድ ቀን ራሱ ይነግረኛል› አለኝ። ነገርከው ወይ ልጄ?»

የየጥቅምቱ ጥያቄ ስለ ተራራው አልነበረም። እያወቀ ነው የጠየቀኝ። እኔ የዋህ ስለው እሱ በሩን ከፍቶ እስክገባ ይጠብቀኝ ነበር።

ሚስቱ ዛሬም የባሌ ወንድም ትለኛለች። ልነግራት ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሻለሁ። ልጅነት ነው አልልም፣ አርባ ሊሞላኝ ነበር። ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ ነው አልልም፣ ውሸቱን ያወራሁት እኔ ነኝ። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ይቅርታውን ይዞ አምስት ዓመት ጠብቆኝ ነበር፤ ያልሄድኩት እኔ ነኝ።