የወይኑ ቁልቁለት በብስክሌት

መካነ ሰላም ክሊኒክ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ሆኜ የተመደብኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ወደ ገጠር የምንወጣው በክሊኒኩ በቅሎ ነበር። በድርቁ ዓመት ሣር ሲጠፋ በቅሎዋ ከሳች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ኃላፊያችን ሌላ በቅሎ እንዲገዛለት ወደ ደሴ ጻፈ። ከወር በኋላ ከጭነት መኪና ላይ፣ ከጨው ጆንያዎች መካከል፣ አንድ ጥቁር ብስክሌት ወረደለት። ዙሪያውን ዞሮ አየውና ወደ እኔ ቀና አለ።

«አንተ የደሴ ልጅ ነህ፤ ትነዳለህ አይደል?»

«እነዳለሁ፣ ግን ይሄ አገር…»

«ደሴስ ሜዳ ናት እንዴ? በል፣ የረቡዕ መንገድ ያንተ ነው።»

የረቡዕ መንገድ የምንለው ከከተማው ወጥቶ፣ የገብሱን እርሻ ሰንጥቆ፣ አንድ ረጅም ዳገት ከወጣ በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ አቅጣጫ የሚወርደውን ነው። መንገድ ስል አህያና በቅሎ የጠረገው፣ ጠጠር የበዛበት ነገር ነው። ጠዋት ስወጣ ሰው ሥራውን ትቶ ያየኛል። ሜዳው ላይ ደረቴን ነፍቼ እነዳለሁ፤ ዳገቱ ሥር ስደርስ ግን ወርጄ መግፋት ነው። ከኋላ የታሰረው የመድኃኒት ሣጥን ቁልቁል ይጎትተኛል።

ዳገቱ ጫፍ ላይ የአንዲት ባልቴት ቤት ነበረ። ሴትዮዋ እስላም ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ለነፍሳቸው ብለው በራቸው ላይ የውሃ እንስራ ያስቀምጣሉ፤ የሚያልፍ ሁሉ ይጠጣል። የመጀመሪያ ቀን ትንፋሼ ተቆራርጦ ስደርስ ብስክሌቱን ትኩር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ እሱ ነው አንተን የሚሸከም ወይስ አንተ እሱን?»

«ቁልቁለት ላይ እሱ፣ ዳገት ላይ እኔ ነኝ እማማ።»

«እንዲያማ ከሆነ ተዛዝናችኋል። አብሽር፣ ጠጣ» ብለው ጣሳውን ሰጡኝ።

ከሳቸው ቤት ወዲያ ቁልቁለቱ ነው። በዕድሜዬ ካገኘኋቸው ደስታዎች ያ ቁልቁለት ትልቁ ሳይሆን አይቀርም። ብርዱ ወደኋላ ይቀራል፣ ሙቀቱ ከታች ይመጣል፤ ገብሱ አልቆ ማሽላው ይጀምራል፤ በየጓሮው ጌሾ ይታያል። መጨረሻው ላይ በዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከአጥሩ ጎን በእንጨት ላይ የተንጠለጠለ ያረጀ ወይን ነበረ። ማን እንደተከለው የሚያውቅ አላገኘሁም። የደብሩ ቄስ ፍሬውን አድርቀው ዘቢብ ያደርጉታል፤ የቅዳሴውም ወይን ከዚያው ይዘጋጃል። ሌላው ደብር ዘቢብ ከነጋዴ ሲጠብቅ የሳቸው ከጓሯቸው በመሆኑ በጣም ይኮሩ ነበር።

በሁለተኛው ረቡዕ ፍሬኑ አልያዝ አለኝና ከነብስክሌቴ የአንድ ጌሾ ጓሮ የእሾህ አጥር ውስጥ ገባሁ። ቄሱ እየሮጡ መጥተው አነሱኝ። እሾሁን ከክንዴ አንድ በአንድ እየነቀሉ፣

«ገና ወይኑ ጋ ሳትደርስ ሰከርክ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው መንገዱን ወረቀት ላይ የሣልኩት። አንድ ጭረት ቀስ ብለህ ንዳ፣ ሁለት ጭረት ወርደህ ግፋ፣ መስቀል ምልክት ፍሬን አትመን፣ ክብ ደግሞ ውሃ አለ ማለት ነው። ከየት እስከየት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ጎን ጎኑን ጻፍኩበት። ወረቀቱን አጥፌ የሣጥኑ ክዳን ውስጥ ሰካሁት። እኔ ብታመም ሌላ ሰው እንዲሄድበት ብዬ ነበር።

በዚያው ዓመት ረሃቡ በረታ። ከቆላ የተነሡ ሰዎች ወደ ደጋው ሲወጡ ጉልበታቸው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያልቅና እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀመጣሉ። የእኔ ሣጥን መድኃኒትና የዱቄት ወተት ይይዛል፤ ሁለቱም አይበቁም። ቀና ብሎ መቀመጥ ለሚችለው ወተቱን በጥብጬ እሰጣለሁ። ለማይችለው አጠገቡ ከመቀመጥ በቀር የማደርገው የሌለኝ ቀን ብዙ ነው።

አንድ ረቡዕ ከዛፉ ሥር የተኛች ሴት አገኘሁ። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች ናት። የምንሰጣትን ሁሉ አልቀበል ብላ ፊቷን አዞረች። ቄሱ ጎንበስ ብለው፣

«ልጄ፣ ምን ብናመጣልሽ ትቀምሻለሽ?» አሏት።

ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ ወይኑ መለሰች። ፍሬው የሚለቀምበት ሳምንት ነው። ቄሱ ቢላ አምጥተው አንድ ዘለላ ቆረጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ፍሬውን በጣታቸው እየጨመቁ ውሃውን ከንፈሯ ላይ ያንጠባጥቡላት ጀመር። ዋጠች። እንደገና ዋጠች። ያን ጊዜ ቄሱ ተነሥተው ወይኑን ከዳር እስከ ዳር ለቀሙና ግቢው ውስጥ ላለው ሁሉ አደሉት። አንድ ሽማግሌ ዲያቆን ደንግጠው፣

«አባ፣ የቅዳሴው እኮ ነው! ምን ሊቀርልን ነው?» አሉ።

«እግዜር ያውቃል» አሉ ቄሱ። ወደ እኔም ዞረው፣ «አንተ በዚያ ነገርህ ላይ ዘቢብ ከከተማ አታመጣልኝም?» አሉኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ አመጣሁላቸው። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ወተት ስትጠጣ ደረስኩ። በኋላ ከዘመዶቿ ጋር ወደ አገሯ በእግሯ ተመልሳለች። ከዚያ ግቢ ያልተመለሱትም ብዙ ናቸው፤ እሷን ሳስብ እነሱንም አልረሳም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መሬት ለአራሹ ታወጀ፤ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ በየኬላው የታጠቀ ጥበቃ ቆመ። መጀመሪያ ላይ ማንም አልነካኝም። እየዋለ ሲያድር ግን ሰው ሰውን መጠርጠር ጀመረ። አንድ ረቡዕ ስመለስ አዲስ የተሾመ ጥበቃ አስቆመኝና ሣጥኑን ከፈተ። ወረቀቱ እጁ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመንገዱ ምልክት ነው።»

«የምን ምልክት? ይሄ መስቀል ምንድን ነው? ይሄ ክብስ?»

«መስቀሉ ፍሬን የማይዝበት ነው፣ ክቡ ውሃ ያለበት…»

«ዝም በል! ለማን ነው የሣልክለት? ሽፍታ ልትመራበት ነው!»

ብስክሌቱን ነጥቀው የገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ። መጋዘኑ ባዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ተይዞ ሳይመለስ ይቀር ስለነበር፣ ሌሊቱን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ የእግር ኮቴ ሳዳምጥ ማደሬን አስታውሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከውጭ ድምፅ ሰማሁ። የባልቴቷ ድምፅ ነው። መያዜን ከገበያተኛ ሰምተው በእግራቸው መጥተዋል። ቄሱም ከቆላ ዳገቱን ሁሉ ወጥተው ደርሰዋል። ሁለቱ የተገናኙት በሩ ላይ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር አርሶ አደር ናቸው፤ ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዳምጡ ሰው። እኔን አስወጥተው ፊት ለፊት አቆሙኝና ወረቀቱን እጃቸው ላይ ዘረጉ። መጀመሪያ ባልቴቷን ጠየቁ።

«እናቴ፣ ይሄንን ወረቀት አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ ወረቀት ምን አውቄ! ፊደል አልቆጠርኩ።»

«እሺ፣ ይሄ ሰው ከብስክሌቱ የሚወርደው የት ነው?»

«ከታች ከሾላው ጀምሮ እስከ ደጄ እየገፋ ነው የሚመጣው። ከደጄ ውሃ ይጠጣል። ወላሂ አንድ ቀን ሳይጠጣ አላለፈም።»

ሊቀመንበሩ ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ አስኬዱ። ሁለት ጭረት፣ ከሾላው እስከ ጫፉ። ከዚያ ክብ። ዞረው ቄሱን ጠየቁ።

«እርስዎስ አባ? ቁልቁለቱ ላይ የሚያስፈራው የት ጋ ነው?»

«ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከጅረቱ በላይ፣ ሁለተኛው ከጌሾው አጥር አጠገብ። የጌሾውን እኔ ራሴ ነኝ እሾሁን የነቀልኩለት። ክንዱን አሳያቸው፣ ጠባሳው ይኖራል» አሉኝ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። መስቀሎቹም ሁለት ነበሩ፣ እዚያው ቄሱ ያሉበት ቦታ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ሂድ ወደ ሥራህ» አሉኝ። «ብስክሌቱ ግን ይቅር። ሌላ ኬላ ላይ ብትያዝ እነዚህ ሰዎች ላይደርሱልህ ይችላሉ።»

ልክ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ተናድጄ የነበረ ቢሆንም ዛሬ ሊቀመንበሩንም አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል የረቡዕን መንገድ በእግሬ ሄድኩት። ቁልቁለቱን ስወርድ ፊቴ ላይ ይመታ የነበረው ንፋስ ቀረብኝ፤ በምትኩ በፍጥነት አልፌያቸው የነበሩትን ቤቶች ሁሉ አወቅኋቸው። በየበሩ «ግባ» የማይለኝ አልነበረም።

ቆይቶ ወደ ደሴ ተዛወርኩ፤ አግብቼም ወለድኩ። አንድ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ባልቴቷ ናቸው። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ የወንድማቸው ልጅ እጃቸውን ይዛ አምጥታቸዋለች። ከሆስፒታል እስኪጨርሱ እኛ ጋ ተቀመጡ። ባለቤቴ ለስግደታቸው ከመኝታ ክፍላችን ጥግ ንጹሕ ቦታ አዘጋጀችላቸው። ፋሻው በተፈታ ቀን ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩኝ።

«ሸበትክ እኮ!» አሉኝ።

ሲመለሱ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ቄሱ ማረፋቸውን የነገሩኝ ያኔ ነው። ባልቴቷ ቀብራቸው ላይ ተገኝተው እንደ እኅት አልቅሰውላቸዋል። አውቶቡሱ ሞተር አስነሥቶ ሳለ በመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ያዙ፤ ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለልጆቼ፣ ለቄሱም ነፍስ። እኔም ከታች ቆሜ፣ ሰው እየገፋኝ፣ አሜን አልኩ።