ልጄ እኔን የፈተሸችኝ ቀን

በ2016 ዓ.ም. ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሴት ልጄ የድንበር ጠባቂነት ስልጠናዋን ግማሽ አድርሳ ለጥቂት ቀን ሐይቅ ከተማ ወዳለው ቤታችን መጣች። ለዚህ ሥራ ጠመንጃና ጉልበት ይበቃል ባይ ነበርኩ። እሷ ግን ሕግ እንማራለን፣ የሐሰት ፓስፖርት መለየት እንማራለን፣ ቁስል ማሰር እንማራለን፣ አፋርኛ ሳይቀር እንማራለን ትላለች። ይሁን። ፍተሻም እንማራለን ስትል ግን ደሜ ፈላ።

"የሰው ወንድ ልትደባብሺ? አትመለሺም!"

"ወንድ አንነካም፣ አባባ። ያለ ዱዓህ ደግሞ አልሄድም። ከቀረሁ ያባርሩኛል።"

"እንግዲያ የሆነ ነገር ደብቄ በዚህ በር ልግባ። ሳትነኪኝ ካገኘሽው ዱዓ አደርግልሻለሁ። ካላገኘሽው ትቀሪያለሽ።"

ከጓሮ ዞሬ፣ ከጣቴ ተለይቶ የማያውቀውን የዚክር መቁጠሪያዬን፣ ሙስበሃዬን፣ ጥምጥሜ ውስጥ ሸጎጥኩት። አባቷ ነኝና ደንቡን ረስታ በእጇ ትነካኛለች ብያለሁ። እሷ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"እንደምን ዋሉ አባት? ከየት ነው የመጡት?"

ከተወለደች ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ እርስዎ ስትለኝ ደነገጥኩ።

"ከውጫሌ ገበያ።"

"ምን ሸጡ?"

"በግ።"

"ገመዱስ?"

"ለገዢው ሰጠሁት።"

እናቷ ከውስጥ በሳቅ ፈነዳች። "አንተ ደግሞ መቼ ነው ገመድ ለሰው የሰጠኸው!"

ልጄ አልሳቀችም። ዓይኗን ከፊቴ ወደ እጄ አወረደች።

"አባት፣ ጣትዎ ባዶውን ይቆጥራል። ሙስበሃዎ የት አለ?"

ባየው፣ እውነትም አውራ ጣቴ ያለ ዶቃ ዚክሩን ይዟል! እኔ አላዘዝኩትም።

"አንገትዎም እንደ ወትሮው አይዞርም። ጥምጥምዎ ይፈተሽ።"

እጇን ግን አልሰነዘረችም። "ወንድን የሚፈትሽ ወንድ ነው፣ አባቴም ቢሆን" ብላ ታላቅ ወንድሟን ጠራች። ሲፈታው ሙስበሃው ትከሻዬ ላይ ዱብ አለ።

ሱብሃነላህ! ሰውን ማየት ትምህርት እንዳለው አላውቅም ነበር። በር ላይ የቆመችውን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኳት? ራት ላይ ሰርቄ ሰርቄ አየኋት። ቀና ስትልብኝ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ።

በነጋታው ጠዋት ሱብሂ ሰግጄ፣ መዳፌን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁላት፤ እናቷና ወንድሟ አሚን አሉ። ከዚያ ሻንጣዋን ተሸክሜ አስፋልት ወጣሁና የደሴ ሚኒባስ አስቆምኩላት።