የነጭ ሽንኩርቱ ደብር

ያገባሁት ከኮሶዬ ወረድ ብሎ ካለ መንደር ነው። ዘመኑ ጣሊያን ወጥቶ፣ ንጉሡ ተመልሰው፣ አገሩ ትንፋሹን የሰበሰበበት ነበር። የአባቴ ቤት ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ይህችን የግማሽ ቀን መንገድ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሄድኩት ምላሴ አስሮኝ ነው፤ ምላሴን ደግሞ ያሳተው ነጭ ሽንኩርት ነው።

በአገራችን የቀዳም ሥዑር ጧት ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ በየቤቱ ቄጤማ ያድላሉ። ርግቢቱ ለኖኅ ውኃው መጉደሉን ያበሠረችበት የለምለም ቅጠል ምሳሌ ነውና ሰው ሁሉ በራሱ ላይ ያስረዋል። ቄጤማ የሚበቅለው ጨፌ ላይ ነው፤ እግር ሲረግጠው ውኃ በሚያቅር መስክ። የመንደራችን ጨፌ ግን እኔ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት እንደ አውድማ ደረቀ። ከብቱ በዝቶ ሣሩን ከሥሩ ጋጠው። መሬቱ ራቁቱን ሲቀር የክረምት ጎርፍ መሐሉን ሰነጠቀው፤ ስንጥቁም እየሰፋ በሬ የሚውጥ ቦረቦር ሆነ። የጨፌው ውኃ ሁሉ በዚያ ሾልኮ ወረደ። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የታየኝ ምንጩ መንጠፉና እንስራዬን አዝዬ ገደሉን ቁልቁል መውረዴ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ስቅለት ዕለት፣ ከስግደት መልስ፣ ቄሰ ገበዙ ጓሮዬ ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ በዚህ መንደር እርጥብ ነገር የቀረው ባንቺ ጓሮ ብቻ ነው" አሉኝ።

በእጅ እጣቢ እያጠጣሁ ያሳደግኩት ነጭ ሽንኩርት ነበረኝ። አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ እግዚአብሔር አይቆጣም ብለው ቅጠሉን አጨዱት፤ እኔም ጽድቅ መስሎኝ ቢላዋ አቀበልኩ። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት በራሱ አስሮ ዋለ። አስቡት እንግዲህ፤ ያከፈለ ሰው፣ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሰ፣ ፀሐይ ሲያሞቀው ከገዛ ግንባሩ የወጥ ሽታ ይሸተዋል። ምስኪኑ ባሌ ምራቁን ሲውጥ ዋለ።

በፋሲካ ዕለት ታላቅ ወንድሜ እንኳን አደረሳችሁ ሊለን መጣ። በየሰዉ ራስ ላይ ያለውን አየ፣ አሸተተ፣ ከዚያም የበሩን መቃን ይዞ ሳቀ።

"ምነው፣ በዚህ ደብር ፋሲካ የሚከበረው በቁሌት ነው? እኛ ዘንድ ለበቅሎ የሚተርፍ ቄጤማ አለ፤ ብትልኪብን ምን ነበረበት?"

ደሜ ፈላ። አማቼም ባሌም እዚያው ተቀምጠዋል።

"ስማኝ አያ! ከራሳችን ጨፌ የታጨደ ቄጤማ ሳልይዝ የአባቴን ደጅ አልረግጥም!" ብዬ በታቦቱ ማልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ እናቴ ትዝ አለችኝ። ዓይኗ እየደከመ ነበር። ግን መሐላ መሐላ ነው። ጭራሽ ወሬው ቀድሞን ጎንደር ገባና ቅቤ ይዘን አራዳ ገበያ ስንደርስ "የነጭ ሽንኩርቱ ደብር መጣ!" ይሉን ጀመር።

ከሁሉ ብዙ ከብት ያለው አማቼ ነበር። "አባዬ፣ ጨፌው ይከለል" ስለው ሳቀብኝ።

"ሙሽሪት፣ አንቺ ቄጤማ እንድታስሪ የኔ በሬ ይራብ?"

ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ ልጅ ከወለድኩም በኋላ ሙሽሪት ነበርኩ። እኔም የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አሳየሁት። ከቅጥሩ ውስጥ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ነው። ዝናቡ አንድ፣ አፈሩ አንድ፤ ልዩነቱ የከብት አፍ ነው። ቀረብ ብሎ አየው። ከብቱን ግን አላወጣም።

ክረምት ላይ ሸጋው የእርሻ በሬው ከቦረቦሩ አፋፍ ተንሸራቶ አንገቱ ተሰበረ። አማቼ ዝናብ እየወረደበት ቁልቁል ሲያየው ቆየ።

"በሬዬ መሬቱን በላ፤ መሬቱም በሬዬን በላ" አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ከብቶቹን ቀድሞ እንደሚያወጣ ተናገረ። ቄሰ ገበዙም የሽንኩርቴ ዕዳ ነበረባቸውና ሳይውሉ ሳያድሩ መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ፤ ጨፌው ውስጥ ከብት ያስገባ የተወገዘ ይሁን አሉ።

ወንዶቹ ቦረቦሩ በሰፋበት በታችኛው አፍ ድንጋይ ደረደሩ፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ጠርጎት ሄደ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። እኔ በንዴት አለቀስኩ። አማቼ ግን በትሩን ይዞ ሽቅብ ወጣ፣ ጎርፉ እስከሚጀምርበት፣ ስንጥቁ ስንዝር ብቻ እስከሆነበት ድረስ።

"ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸ ነው" ብሎ የመጀመሪያዋን ድንጋይ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ከላይ ወደ ታች ወረድን፤ ሴቶቹ ድንጋይ ተሸከምን፣ ወንዶቹ ችካል መቱ። ከብቱ ቤት ታስሮ የድንበር ሣር እየታጨደ ተቀለበ። ወተት ቀነሰ፣ ሰው አጉረመረመ፤ አማቼ ግማሽ ከብቱን ነድቶ ገበያ ሸጠና ማጉረምረሙን አፉ ላይ ዘጋው።

በሁለተኛው ክረምት ቦረቦሩ ደለል ሞላ፤ እንቁራሪት ሲጮህ ሰማን። በሦስተኛው ዓመት ምንጩ ጾሙን ሙሉ ሳይነጥፍ ከረመ። የቀዳም ሥዑር ጧት ቃጭሉ ደጄ ላይ አቃጨለ፤ ቄሰ ገበዙ ክንድ የሚያህል ቄጤማ አቀበሉኝ። አሸተትኩት። ውኃ ውኃ ይላል! እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ማዶ ያለው ሰው ምን ተወለደ ብሎ ጠየቀ አሉ።

ፋሲካ ባለፈ ማግስት አንድ እስር ቄጤማ በራሴ፣ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት በቦርሳዬ ይዤ ተነሣሁ። ሽንኩርቱ ለወንድሜ ነው፤ ሦስት ዓመት ያቀናበርኩት ስድብም ነበረኝ። ከአባቴ መንደር አፋፍ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። ጨፌያቸው ግጥጥ ብሏል፤ መሐሉን ቦረቦር ሰንጥቆታል። ማንም በራሱ ላይ ለምለም አላሰረም።

ቤት ስደርስ እናቴ በራሴ ያሰርኩትን በእጇ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው። "ቄጤማ ነው፤ ልጄ መጣች" አለች። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ወንድሜ ራቅ ብሎ ቆሟል። "ምነው አያ፣ ራስህ ባዶ ሆነ?" አልኩት። መጥቶ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሽበት አውጥቷል። ስድቤን ዋጥኩና ቄጤማውን አሰርኩለት፤ ሽንኩርቱን ለወጥ ብዬ ለእናቴ ሰጠኋት።

"ቦረቦሩን ከየት ነው የጀመራችሁት?" አለኝ ቀና ሳይል።

"ከላይ ነው" አልኩት። "ና፣ ላሳይህ።"