የፓፉ አፍ

ፍራሽ ሰፊ ነኝ። ጥጥ ስነድፍ ብናኙ ደረቴን ሲዘጋው፣ የአስም ፓፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ በአፌ ሳብ አደርጋለሁ። ታላቅ እህቴ ግን ታፍርብኛለች። «ሰው ፊት ይሄን ነገር አታውጪብኝ!» ትለኛለች።

እሁድ እጮኛዋ እናቱን ይዞ ቤታችን መጣ። ሴትዮዋ ስስል ሰምተው፣ «አስም በዘር ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ።

እህቴ ቀበል አድርጋ፣ «ኧረ እማማ፣ የእሷ ከጥጡ ነው! በእኛ ዘር የለም» አለች።

ሳሉ ሲብስብኝ ጓዳ ገብቼ ፓፌን አወጣሁ። ብጫነው ባዶ ነው። ወራት ይቆየኛል ያልኩት ፓፍ በሳምንታት አልቋል። አፉን ባየው ቀይ ሊፕስቲክ ታትሞበታል። እኔ ከተወለድኩ ሊፕስቲክ ተቀብቼ አላውቅም፤ የእኔ ጌጥ ፀጉሬ ላይ የሚቀረው ጥጥ ነው።

ለካ እህቴንም ያፍናታል! ለካ ተደብቃ የኔን ስትስብ ከርማለች!

ፓፉን እንደያዝኩ በንዴት ሳሎን ተመለስኩ። ላጋልጣት አፌን ብከፍት ትንፋሽ አጠረኝ። እህቴ ብድግ ብላ አቀፈችኝ። እንግዶቹ እያዩ ጀርባዬን እያሻሸች፣ በዚያ በቀይ ከንፈሯ፣

«አይዞሽ የኔ እህት፣ መድኃኒትሽን ሳቢ እንጂ» አለችኝ።