ቴስታታው በዳቦ ምድጃ

ጋሼ ጠይብ ሞተር ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ጋራዣቸውን ከተዉ ቆይተዋል። ስለ አርባ አራት ዓመተ ምሕረት ሲያጫውቱኝ ግን ያን ጊዜ የጠገኑት ሞተር ዛሬም ፊታቸው የሚንኳኳ ይመስል ጨፈኑ።

ያን ጊዜ ከወሎ መጥተው ሶማሌ ተራ አጠገብ የቆርቆሮ ጥላ የዘረጉ ወጣት መካኒክ ነበሩ። አንድ ቀን ጃፋር የሚባል የደሴ ሾፌር ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን ሰማያዊ ጭስ እያስተፋ መጣ። ጋሼ ጠይብ የሞተሩን ራስ፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉትን፣ ፈትተው ሲያዩት የሞተሩን ትንፋሽ የሚከፍቱና የሚዘጉት ቫልቮላዎች የሚመላለሱባቸው ትንንሽ ቱቦዎች ተበልተዋል። ዘይቱ በዚያ እየሾለከ ይቃጠላል። አዲስ ቱቦ በቶርኖ ተቀረጸ። ችግሩ መቀየሩ ነው፤ በመዶሻ ጉልበት ከሆነ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ሌላ ደግሞ በመርካቶ አይገኝም። ጃፋር ከዚያች መኪና በቀር ሀብት የለውም።

«ጋሼ፣ ወላሂ እሱ ከተሰነጠቀ እኔም አብሬ ተሰነጠቅሁ።»

«አንተ ድሮም ስንጥቅ ነህ። ይልቅ ና ተሸከም!»

ቴስታታውን ተሸክመው፣ አዲሶቹን ቱቦዎች በበረዶ ባልዲ ይዘው የሄዱት ወደ እትዬ አበራሽ ዳቦ ቤት ነው። ብረት ሲግል ቀዳዳው ይሰፋል፤ በበረዶ የቆየ ቱቦ ደግሞ ይኮማተራል። ያኔ አንዱ ሌላውን ያለ ጠብ ይቀበላል። ብረት እንዲህ ገር መሆኑን ስሰማ ገረመኝ።

እትዬ አበራሽ በሩን ይዘው ቆሙ። «ስምህ ማን ነው?»

«ጠይብ።»

«በስመ አብ! ጠይብ ነኝ ብሎ በገዛ አፉ የሚናገር ሰው ዛሬ አየሁ። ቡዳ የገባበት ምድጃ ተብሎ ማን ይገዛኛል?»

«እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው፣ እትዬ። በዓረብኛ መልካም ማለት ነው።»

«በአማርኛስ?»

ጋሼ ጠይብ ዘይት የጠገቡ እጆቻቸውን አዩ። «በአማርኛማ ባለ እጅ ነው። እሱንም ነኝ፤ አልክድም።»

ሴትዮዋ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ታጥቦ ይግባ እንግዲያ። ናፍጣ የሚሸት ዳቦ ግን አልሸጥም!»

ቴስታታው በፈላ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ምድጃ ገባ። ሙቀት መለኪያ አልነበረም፤ እትዬ አበራሽ ቁንጥር ዱቄት ምድጃው ውስጥ በተኑና መቅላቱን አይተው «አሁን አውጣ» አሉ። አሮጌዎቹ ቱቦዎች በቀላል ምት ወጡ፤ አዲሶቹ ከበረዶው እየተነሡ ተራ በተራ ሰመጡ። አንድ ብቻ ሲቀር ቴስታታው በረደ። ቱቦው ቀዳዳው አፍ ላይ ቆሞ እምቢ አለ።

ጃፋር መዶሻ አቀበለ። ጋሼ ጠይብ አልተቀበሉትም። መልሶ ማጋል ያስፈልጋል፤ ምድጃው አፍ ላይ ግን የእትዬ አበራሽ የማታ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ትንሽ ከቆየ ይጎመዝዛል።

እትዬ አበራሽ ሊጡን አዩ፣ ጃፋርን አዩ። የሊጡን ሣንቃ በእግራቸው ገፋ አደረጉና «አስገባው» አሉ። «የአንድ ማታ ዳቦ ቢጎመዝዝ አገር አይፈርስም።»

ዱቄቱ ዳግመኛ ቀላ። የመጨረሻው ቱቦ በአውራ ጣት ግፊት ገባ።

በማግስቱ ቴስታታው ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ ሦስቱም ከመኪናዋ ኋላ ሄደው ጭስ መውጫውን ከበቡ። መጀመሪያ ትንሽ አስነጠሰው። ከዚያ ሰማያዊው ጭስ ጠፋ። ጃፋር ማመን አቅቶት መዳፉን እሳት እንደሚሞቅ ሰው ዘረጋ፤ ሞቅ ያለ ንጹሕ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሞተሩ እንዳይጠፋበት ፈርቶ፣ ለስንብት ሳይቆም ጋቢና ገባና ሰላምታውን በጥሩምባ እየሰጠ ወደ ደሴ ነዳ።