በነዳጅ መዝጊያው ላይ የቀረ ጨርቅ

ቤታችን አይጥ ሲገባ ወንበር ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ በመጥረጊያ የምታባርረው ባለቤቴ ናት። ይህን የምናገረው ሳሎን ያለውን የጀግና ሜዳሊያዬን አይታችሁ እንዳትሳሳቱ ብዬ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷ ሜዳሊያውን ትወለውላለች፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። እንግዳውም ትሕትና ይመስለዋል።

የመርከብ ሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። በክፍላችን ደንብ የነዳጅም ሆነ የውሃ ቧንቧ መዝጊያ የከፈተ ሰው የራሱን ጨርቅ ያስርበታል፤ ሲዘጋው ይፈታዋል። የእኔ ከእናቴ አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ፣ አበባ ያለበት ነበር። ከፍቶ ረስቶ የሄደን ሰው አለቃችን በሁሉም ፊት ልክ ያስገቡት ነበር። እኔማ ከጠላት ይልቅ እሳቸውን ነበር የምፈራው።

በጦርነቱ አንድ ቀን መርከባችን በመድፍ ተመታችና ክፍላችን በእሳት ተያያዘ። ሁላችንም እግሬ አውጪኝ አልን፤ አልዋሽም፣ ከቀደሙት አንዱ ነበርኩ። መሰላሉ አጋማሽ ላይ ግን ያ አበባማ ጨርቅ ትዝ አለኝ። በርሜል ልሞላ የከፈትኩትን የነዳጅ መዝጊያ አልዘጋሁትም። አለቃ ካዩት አለቀልኝ ብዬ ተመለስኩ። እጄ እየተላጠ ዘጋሁት፣ ጨርቄንም ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ነዳጁ ሲቋረጥ እሳቱ ከሰመ፣ መርከቧም ተረፈች። ጥፋቴን ልደብቅ ገብቼ ጀግና ተብዬ ወጣሁ።

ለሜዳሊያው ምስክርነት የጻፉልኝ አለቃ ነበሩ። እሳቸውን ማታለሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ባለፈው ወር በጠና መታመማቸውን ስሰማ፣ ሳይሞቱ ይቅር ቢሉኝ ብዬ ጨርቁን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። እንዳጠፋ ተማሪ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ጨርቁን ተቀብለው ብዙ አገላብጠው አዩት።

«አውቀዋለሁ፤ የዚያን ቀን አይቼዋለሁ» አሉኝ።

«መቼ አዩት፣ አለቃ?»

«እሳቱ ሲነሳ። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። ክፍት መሆኑን እያወቅሁ አልፌው ወጣሁ።»

አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንተ እኔን ፈርተህ ተመለስክ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ማንን ልፍራ?»

ከዚያ ያኔ የተላጠውን እጄን ይዘው ይቅር በለኝ አሉኝ፤ እኔ ልለምናቸው የሄድኩትን ቃል። ሁለታችንም አለቀስን። ጨርቁን ጨብጠው እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ትቼላቸው ወጣሁ።