የተዋሐደው ጥቅል

የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ቃል ያለቦታዋ ከዋለች እህል አይወርድላቸውም። በ2008 ዓ.ም. ሕሊና የምትባል ልጅ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ባቆመችው አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ ፓስታና ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ መሸጥ ጀመረች። መኪናው ላይ «ፊውዥን» ብላ ጽፋለች።

መሪጌታ ጥቅላቸውን ተቀብለው «ፊውዥን ምን ማለት ነው?» አሏት።

«የፈረንጅና የሐበሻ ተዋሕዶ ማለት ነው፣ የኔታ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ተዋሕዶ ቅልቅል እንዳልሆነ ቆመው ያስተምሯት ጀመር። ከኋላቸው የተሰለፍነው በረሃብ አለቅን። ከዚያ ጥቅሉን ፈትተው መረመሩት።

«ፓስታው ለብቻው፣ ሽሮው ለብቻው ተቀምጧል። ይኼ ጉርብትና ነው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?»

መሪጌታ ጥቅሉን እስከ መጨረሻዋ የፓስታ ክር በሉት። ከዚያ ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው፣ «አሁን ገና ተዋሐደ፤ ጽሑፉን እዚህ ለጥፊው» አሏት።